ባልትና ቤት የሚሸጡ የአራስ ዱቄቶች፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይቅር

ወሯ የገባ ሴት ባለችበት ቤት ከሕፃኑ ልብስ እኩል የሚታሰበው የአራሷ እህል ነው። ድሮ ገብሱን የምትፈትገው፣ አጃውን የምታምሰው እናት ወይም አማት ነበረች፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ጎራ የሚለው ባልትና ቤት ነው። መደርደሪያው ሙሉ ይምሰል እንጂ ለአራስ ተብሎ የሚሸጠው ሲጠቃለል አራት ነገር ነው፦ «የአራስ አጥሚት» ተብሎ ከ7 እስከ 12 ዓይነት እህል የተቀላቀለበት ዱቄት፣ ነጠላ የአጃ ዱቄት፣ የገብስ ገንፎ ዱቄት፣ እና አብሽና ተልባ። ከአራቱ ውዱ የመጀመሪያው ነው። መቅረት ያለበትም እሱ ነው።

ምክንያቱ ከስሌት ይጀምራል። ልኩን የጠበቀ አጥሚት ለ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም ያህል ዱቄት ይበቃዋል፤ 5 የሾርባ ማንኪያ መሆኑ ነው። ከ1 ሊትሩ 4 ብርጭቆ ይወጣል፤ አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ዱቄት እንግዲህ ከ12 ወይም ከ13 ግራም አይዘልም። ፓኬቱ ላይ 12 ዓይነት እህል ከተዘረዘረ ለአራሷ ከእያንዳንዱ የሚደርሳት 1 ግራም ነው። 1 ግራም አኩሪ አተር፣ 1 ግራም ሽምብራ፣ 1 ግራም ሱፍ ለማንም ጠብ የሚል ነገር የለውም። ይህም እኩል ተመጥኖ ከሆነ ነው። የየእህሉ መጠን ካልተጻፈ ደግሞ አብዛኛው ስንዴ ወይም በቆሎ ሆኖ ውድ ውዱ ለስም ያህል ጣል ቢደረግበት ገዢ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ስሌቱን ትንሽ እንግፋው። 12 ግራም ዱቄት የሚሰጠው 45 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። በላዩ የሚጨመረው 1 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን 120 ገደማ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ገደማ ይሰጣል። አንድ ብርጭቆ አጥሚት 225 ኪሎ ካሎሪ ቢሆን ከዱቄቱ የመጣው አንድ አምስተኛው ነው። አራሷን ደግፎ የሚያቆማት ቅቤውና ማሩ፣ ከዚያ ደግሞ ውሃው ነው። ጡት ብቻ የምታጠባ እናት ከወትሮው በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋታል፤ ሁለት ብርጭቆ በወጉ የተሠራ አጥሚት ያንን ሊሸፍን ምንም አይቀረው። ሽሮ፣ እንቁላል፣ ሥጋና ወተት የሚሰጧትን ግን አይተካም፤ 12 ግራም ዱቄት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ2 ግራም አያልፍም። ለ12ቱ እህል የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ እንቁላል ቢገዛበት ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር አመሳው ላይ ነው። አጃ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ አንድ ምጣድ ላይ አንድ ላይ አይታመሱም። ስንዴው ሲቀላ አኩሪ አተሩ ገና ጥሬ ነው፤ አኩሪ አተሩ እስኪበስል ከተጠበቀ ስንዴው ያራል። በደንብ ያልበሰለ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር በውስጡ ስላለ ሆድ ይነፋል፣ ጣዕሙም ጥሬ ባቄላ ጥሬ ባቄላ ይላል። የወለደች ሴት አንጀት እንኳን ይህ ተጨምሮበት እንዲሁም ሰነፍ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው አምሶ፣ ለብቻው ፈጭቶ በመጨረሻ የሚቀላቅል ባልትና ቤት ካለ ዱቄቱ ደህና ይሆናል። ሻጩን «ለየብቻ ነው የታመሰው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ መልሱ ከተንዛዛ መልሱ ታውቋል።

ሦስተኛው ሻጋታ ነው። ኦቾሎኒና በቆሎ በእርጥብ ቦታ ከተከማቹ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ በቀላሉ ይይዛቸዋል። መርዙ በመታመስም በመፍላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ከእናቲቱ ወደ ጡት ወተቷም ይተላለፋል። ሙሉ ኦቾሎኒ ሲገዛ የተጨማደደው፣ የጠቆረው፣ የሻገተው ተለቅሞ ይጣላል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ማን ያየዋል? ስለዚህ የድብልቁ ዝርዝር ውስጥ ኦቾሎኒና በቆሎ ካሉበት ይቅር።

ፓኬቱ ላይ በጉልህ የሚጻፈው «የጡት ወተት ይጨምራል» የሚለውስ? አራሷ አጥሚት መጠጣት የምትጀምረው በወለደችበት ቀን ነው፤ ወተቱ ሞልቶ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ጠጣችም አልጠጣችም እንግዴ ልጁ ሲወጣ የሚለወጠው ሆርሞን ያመጣዋል። ምስጋናው ግን ለዱቄቱ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወተቱን የሚያበዛው ጡቱ ቶሎ ቶሎ መጠባቱና ባዶ መሆኑ ነው፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ወተቷ አነሰ የተባለች እናት መጀመሪያ መታየት ያለበት አጎራረሱ ነው፦ ሕፃኑ ጫፉን ብቻ ይዞ ከሆነ ወይስ ጠቆር ያለውንም ክፍል አብሮ ጎርሶ? ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ሽንት ጨርቅ ካረጠበ ወተቱ አላነሰም።

እንዲያውም አጥሚት ምን ያህል ጥቂት ነገር እንደሚበቃው የሚያሳይ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያ በረሃብ ለተጎዱ ሕፃናት ብሎ በፋብሪካ አምርቶ የላከው አጥሚት ዋና ዋና ነገሮቹ አጃ፣ የወተት ዱቄትና ስኳር ሲሆኑ ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበት ነበር። እህሉ አንድ ነው።

ወደሚገዛው እንለፍ። ነጠላ የአጃ ዱቄት ሲገዛ የሚፈተሸው ሁለት ነገር ነው፦ መፈተጉና መታመሱ። አጃ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ በደንብ ካልተፈተገና ካልተነፈሰ ገለባው ከዱቄቱ ጋር ይፈጭና አጥሚቱ ጉሮሮ ይቧጭራል። ቁንጥር ዱቄት በጣትና በጣት መካከል ይታሽ፤ የሚወጋ ነገር ካለ ወይ ሌላ ፓኬት ይፈለግ ወይ ቤት ገብቶ በጠባብ ወንፊት ይነፋ። ሲነፋ የሚቀረው እብቅ ከአንድ አስረኛ ከበለጠ ገንዘቡ ለገለባ ነው የተከፈለው።

መታመሱ የሚጠቅመው ለሽታ ብቻ አይደለም። አጃ ከስንዴና ከገብስ የበለጠ ቅባት አለው፣ ያንን ቅባት የሚያፈርስ ኢንዛይምም አብሮት አለ። እህሉ በተፈጨ ቅጽበት ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ሳይታመስ የተፈጨ አጃ ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመራል። ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። በፋብሪካ በእንፋሎት ነው የሚሠራው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ፍሬው ለስላሳ እሳት ላይ ያለማቋረጥ እየታመሰ ሽታው እስኪያውድና ቀለሙ ወደ ወርቃማ እስኪጠጋ ይቆያል። ከዚያ ካለፈ ያርና አጥሚቱ የተቃጠለ ቡና ቡና ይላል። የሱቁን ዱቄት ለመፈተን ትንሽ ምላስ ላይ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ጣፈጥ ብሎ ቆይቶ ከጉሮሮ በኩል ምሬት ከመጣ ዱቄቱ አልፎበታል፤ ማር ቢጨመርበትም አይድንም። የተመረተበት ቀን ያልተጻፈበት ዱቄት ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ባይገዛ ይመረጣል።

ጊዜ ያለው ግን ፍሬውን እህል በረንዳ ወይም ሰፈር ካለ እህል ቤት ገዝቶ ቢያስፈጭ ከሁሉም ይበልጣል፤ 2 ኪሎ የተፈተገ አጃ ለአንድ አራስ ለወሩ ይተርፋል። ሲለቀም ጠጠሩን ብቻ ሳይሆን እንክርዳዱን ማየት ያስፈልጋል። እንክርዳድ ገብስና ስንዴ ውስጥ ይበዛል፤ ከእህል ጋር ሲፈጭ ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ዓይን ያደበዝዛል፤ ደም የፈሰሳት ሴት ይህ ሲደርስባት «የደም ማነስ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ወፍጮ ቤት ደግሞ በርበሬ ወይም ሽሮ ከተፈጨበት ድንጋይ ላይ እንዳይወድቅ፤ ጤፍ ካስፈጨ ሰው ቀጥሎ መግባት ጥሩ ነው። አይ ካለም መጀመሪያ የሚወጣው አንድ ጣሳ ያህል ዱቄት ለብቻው ይያዝ፣ ለቤት ቂጣ ይሆናል።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ከ1 ሊትሩ ውሃ 1 ኩባያው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀመጥ፣ የቀረው ድስት ላይ ይፍላ። 5 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ምንም እንዳይጓጉል ተደርጎ ይበጥበጥ፤ ደረቅ ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ የላዩ ወዲያው በስሎ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ ያ ጓል ከዚያ ወዲያ አይፈታም። ብጥብጡ በቀስታ እየተንቆረቆረ ይማሰል፤ መልሶ ሲፈላ ስለሚገነፍል እሳቱ ይቀንስ፣ ድስቱም ከግማሽ በላይ የሞላ አይሁን። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይብሰል። ከ10 ደቂቃ በፊት ከወረደ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ሆድም ይነፋል። ከወረደ በኋላ በማጥለያ ይጠለል፤ ቁንጥር ጨው እዚያው ይግባ። ቅቤና ማር የሚጨመሩት ሲቀዳ ብርጭቆው ላይ ነው። ድስቱ ላይ የተጨመረ ቅቤ ከላይ ተንሳፎ የመጀመሪያው ብርጭቆ ቅቤ ብቻ፣ የመጨረሻው ደረቅ ይሆናል።

ፔርሙስ ነገር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ አጥሚት የሚበላሽበት ቦታ እሱ ነውና። ጠዋት ተሠርቶ ማታ ድረስ የሚቀዳ አጥሚት ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛ፣ እየቆየ ይወፍራል፤ ይህ በፈላ ውሃ ይቀጥናል። ሁለተኛው ይከፋል፦ ፔርሙሱ በየጊዜው እየተከፈተ ሙቀቱ ወደ ለብታ ሲወርድ ለተህዋስ ምቹ ይሆናል፤ ወተት ከገባበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ፔርሙሱ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ተለቅልቆ ይሙቅ፣ አጥሚቱ ወተት ሳይነካው እየፈላ ይገልበጥ፣ በ4 ሰዓት ውስጥ ይለቅ። ወተት ለሚወድ ሰው ብርጭቆው ላይ፣ ያውም የፈላ ወተት። ማታ ለሚያጠቡ እናቶች ከራት በኋላ አዲስ መሥራት ነው፤ የጠዋቱን አሙቆ መሙላት አይሆንም።

የገብስ ገንፎ ዱቄት ላይ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። 2 ኩባያ፣ ማለትም 240 ግራም ገደማ ዱቄት ለ3 ሰው ገንፎ ይሆናል፤ ለአንዱ ሰው 80 ግራም መሆኑ ነው፣ ከአንድ ብርጭቆ አጥሚት ከ6 እጥፍ በላይ። እዚህ ላይ የዱቄቱ ጥራት ስለሚታይ ለጥሩ ገብስ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል። ጥሩው ነጣ ያለ፣ እብቁ የተነፋ፣ ሲሸት የታመሰ ቆሎ የሚል ነው። ስንዴ ተቀላቅሎበት ከሆነ ገንፎው ይሳባል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ አንዳንዱ እንዲህ ይወደዋል፤ አራስ ግን በገብሱ አሰር ትጠቀማለች። ከወሊድ በኋላ ድርቀት የተለመደ ነው፣ ስፌት ያላት ሴት ደግሞ መጸዳጃ ቤት መግባት ትፈራለች። አሰሩ የሚሠራው ግን ውሃ ሲኖር ነው፤ ገንፎ በልታ በላዩ ምንም ካልጠጣች እንዲያውም ያደርቃል።

ገንፎው የሚገነፋው በ4 ኩባያ ውሃና በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ውሃው ሲንተከተክ 1 ኩባያው ተቀንሶ አጠገብ ይቀመጥ። ዱቄቱ ግማሹ ይግባና በኃይል ይማሰል፤ ማማሰያው የእንጨት፣ እጀታው ወፈር ያለ ይሁን፣ ድስቱን የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ቢኖር ደግሞ ጥሩ ነው። ጓሉ የሚሰበረው በማዞር ሳይሆን ከድስቱ ግድግዳ ጋር በመዳመጥ ነው። የቀረው ዱቄት ተጨምሮ፣ የተቀነሰው ውሃ በየዙሪያው ጠብ ጠብ እየተደረገ፣ እሳቱ ተቀንሶ ለ5 ደቂቃ ይከደን፤ ከዚያ እንደገና ይማሰል። መብሰሉ የሚታወቀው ከድስቱ ሲላቀቅ፣ ሲያብረቀርቅና የረጠበ ጣት ሲነካው ሳይጣበቅ ሲቀር ነው። ቸኩሎ የሚያወርድ ሰው ገንፎው ውጪው ደህና መስሎ መሐሉ ጥሬ ይሆንበታል። አስቀድሞ በጣም የታመሰ ዱቄት ውሃ ይጠጣል፤ ለሱ ግማሽ ኩባያ ውሃ መጨመር ነው።

መሐሉ ላይ ለሚፈሰው ቅቤ ንጥሩ ይመረጣል። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ለጣዕም ነው፤ ዋናው ግን ማንጠሩ እሳት ማየቱ ነው። ካልፈላ ወተት የወጣ ለጋ ቅቤ ብሩሴሎሲስን የመሰለ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ በሽታ እርጉዝ ሴት ላይ ጽንስ እስከ ማስወረድ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ከወሊዱ በፊት ይጀምራል። በርበሬው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለል ይበል፤ ሕፃኑን ይጎዳል ተብሎ ሳይሆን ለአራሷ ጨጓራና ለሚያቃጥል ስፌት ሲባል። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል የመጣው እንግዳ በበርበሬ ይብላ።

አብሽ ከሁሉም ይበልጥ የሚወራለት ነው፣ ዱቄቱም ርካሽ ነው። የተፈጨውን መግዛት ይቻላል፤ ፍሬው ግን ሽታውን ይበልጥ ስለሚይዝ ተገዝቶ ለጥቂት ቀን የሚበቃው ብቻ ቢፈጭ ይሻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በ1 ብርጭቆ ውሃ ይነከርና ይደር። ጠዋት ከላይ ያለው ቢጫ ውሃ ይደፋ፤ ምሬቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ውሃ ተጨምሮ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደገና ይደፋ። ከታች የሚቀረው ያበጠ ዝልግልግ ነገር ነጥቶ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ይመታ። ከሱ 1 የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ብርጭቆ አጥሚት ይበቃል። ምሬቱ አልለቅ ያለው ሰው ውሃውን ሳይደፋ በጥብጦታል ማለት ነው።

ወተት ይጨምራል ስለሚባለው ግን ማስረጃው ቀጭንና እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥ ያመጣል፤ የአራሷ ላብና ሽንትም አብሽ አብሽ ይሸታል፣ ይህኛው ጉዳት የለውም። የደም ስኳር ስለሚቀንስ ኢንሱሊን የምትወስድ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምረው። ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒ ሰውነቷን የሚያሳክካት ከሆነ አብሽም ሊያሳክካት ይችላል፤ ከአንድ ዘር ናቸው። ወጥ ውስጥ ያለው ጥቂት አብሽ ለእርጉዝ ምንም አይደለም፤ በብርጭቆ መጠጣቱ ግን ማህፀን ሊያኮማትር ስለሚችል እስክትወልድ ይቆይ።

ተልባ ተፈጭቶ የተሸጠ አይገዛ። ቅባቱ ቶሎ የሚበላሽ ዓይነት ስለሆነ ዱቄቱ መደርደሪያ ላይ ሳለ ነው የሚያረጀው፤ አሮጌ ዘይት የሚሸት ከሆነ አብቅቷል። ፍሬው ግን ወራት ይቆያል። በትንሹ ታምሶ፣ በንጹሕ የቡና መፍጫ ተፈጭቶ፣ 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ ወዲያው ይጠጣል። ለድርቀት ከዚህ ሁሉ ዱቄት ይበልጥ የሚሠራው እሱ ነው።

በቀዶ ሕክምና ለወለደች ሴት ቅደም ተከተሉ ይለያል። ሐኪሙ አፍሽን ክፈቺ ሲል መጀመሪያ ውሃና ቀጭን አጥሚት ያለ ቅቤ፣ ሆዷ ሲላወስና አየር ሲወጣት ቅቤ የገባበት፣ ገንፎው ከሁሉ በኋላ። ዘመድ ከአልጋው ሥር ሳህን ደብቆ ይዞ የሚገባበት ልማድ ለማስመለስና ለሆድ መነፋት ይዳርጋል። በእርግዝናዋ ወቅት ስኳር የታየባት ደግሞ ማሩን ትተው፣ አጥሚቱም ትንሽ ወፈር ብሎ መጠኑ ይቀንስ፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ደሟ እንደገና መታየት አለበት። ደም ግፊት የነበራት ሴት ገንፎ ላይ ጨው ይቀነስላት፤ ከወለደች በኋላም ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣባት አጥሚት አምጡላት ሳይሆን ጤና ተቋም ውሰዷት ነው።

ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል፣ ማለትም 60 ሚሊ ግራም አይረን ያለበት፣ ከወሊድ በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይቀጥላል። ከአጥሚትና ከወተት ጋር አንድ ላይ መዋጥ አይጠቅምም፤ እህሉም ወተቱም አይረኑን ይይዙታል። ቡናና ሻይ ከሁሉ ይብሳሉ። እንክብሉ ተውጦ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ቡናው ይፈላ። አራስ ቤት ቡና ስለማይቀር ይህን ማስታወስ የአስታማሚዋ ሥራ ነው።

አንድ ቅሬታ ስለ ፓኬቶቹ። የእናቲቱ አጥሚት ላይ የሕፃን ፎቶ የሚለጥፉ አሉ፤ ገዢ ለልጁ ይመስለዋል። ሕፃኑ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በስተቀር ምንም አይቀምስም፦ እንገሩ አይታለብም አይደፋም፣ ቅቤ አይላስም፣ የስኳር ውሃ አይሰጥም። ማር ደግሞ 1 ዓመት እስኪሞላው ጭራሽ ክልክል ነው፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ተህዋስ በጨቅላ አንጀት ውስጥ ይራባል። እናቲቱ የበላችው ማር ግን በወተቷ በኩል አያልፍም፣ ስለዚህ እሷ ትብላ። ጥራጥሬ የገባበት ምጥን ዱቄት ቦታው ከ6 ወር በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው ፋፋም የተሠራው ለዚያ ዕድሜ እንጂ ለአራስ ቤት አይደለም።

አራስ ጥየቃ የሚሄድ ሰው አንድ ሌላ ዱቄት ይዞ ባይሄድ ይመከራል፤ አራስ ቤት ውስጥ የሚተርፈው ዱቄት ነው። ግማሽ ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ ደርዘን እንቁላል፣ ወይም ገንፎውን የሚያማስል ክንድ ይበልጣል።

በውጭ አገር ያሉ አራሶች፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን ዱባይ፣ ሐበሻ ሱቅ በግልጽ ላስቲክ ታስሮ የሚገኘውን የአጃ ዱቄት መቼ እንደተፈጨ ካላወቁ ይተውት። ከሱፐርማርኬት ተራውን የተዳመጠ አጃ ገዝቶ በብሌንደር መፍጨት ይበቃል። እንፋሎት ያየ ስለሆነ አይመርም፣ ቅርፊትም የለውም። ያልታመሰ በመሆኑ ሽታው ቀዝቃዛ ነው፤ ከመፈጨቱ በፊት ደረቅ መጥበሻ ላይ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ቢታመስ የአገር ቤቱን ይቀርባል። ከዚህኛው የሚሠራው አጥሚት ይበልጥ ዝልግልግ ስለሚል ለ1 ሊትር 4 የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል። በውሃ ቶሎ የሚሟሟው፣ ስኳርና ጣዕም የተጨመረበት ዓይነት አይሆንም። ለገብሱ የሚቀርበው ሙሉ የገብስ ዱቄት ነው፤ እሱም ሳይታመስ ስለሚሸጥ በሰፊ መጥበሻ ላይ እየተማሰለ ትንሽ ይቀላ። ሙቀት ባለበት አገር የተፈጨው ሁሉ በብርጭቆ ማሰሮ ታሽጎ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ማሰሮው ላይ የተፈጨበት ቀን ይጻፍበት፣ ከ1 ወር በላይም አይቆይ።